ከወንፊቱ በላይ

ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሶፎንያስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጨጓራህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቁርስህን በሻይ ብቻ ነው የምታልፈው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ቤቴል ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል፣ ምላሷ ደግሞ ቁመቷን። የዕንባቆም እናትም ደህና ናቸው። የባል እናት ስም አፌ ላይ አይወጣምና «እማማ» ብዬ ሰላምታህን አድርሻለሁ፤ መርቀውሃል።

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰኝ። ፈትሁዲን ሚኒባሱን በራችን ላይ አቁሞ ጥሩምባውን እያንባረቀ፣ «እትዬ ገነቴ! በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወይ ታስሯል ወይ ፍቅር ይዞታል፤ ወንድምሽ የቱ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። ገብቼ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ቶሎ ያልመለስኩልህ እስከ እሁድ ዕንባቆምን መጠበቅ ስለነበረብኝ ነው፤ ይቅር በለኝ። አማርኛዬም ያው የስምንተኛ ክፍል አማርኛ ነው። ያልገባህን ዝለለው።

የጠየቅኸኝን ላስቀድም። ዕንባቆም ደህና ነው። የበረሃው ሙቀት አክስቶብኛል እንጂ አላሳመመውም። ጋዝ ያለበት ቦታ ስልክ አይገባም ተብሎ በር ላይ ይቀበሏቸዋል፤ የሚመልሱላቸው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው። ትናንት አሥራ ሁለት ደቂቃ አወራን። ስምንቱ ሰላምታ ነው።

አንተ አዲስ አበባ ቢሮህ ተቀምጠህ የሳልከው ታንክ በረሃው ላይ ቆሟል። ዕንባቆም ራሱ ነው የበየደው። ከጉድጓድ የሚወጣውን ጋዝ ከውሃውና ከዘይቱ ይለያል ብሎ አስረድቶኛል፤ እኔ ስሰማ ትልቅ የብረት ጡት መሰለኝ። ስምህ ጥጉ ላይ ያለበትን ስዕል በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ነው አሉ የሚዞረው። ላገኘው ሁሉ «ይሄን የሳለው አማቼ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነው» ይላል። ሰዎቹ ሳይሰለቹት አልቀሩም።

«የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ይነቃነቃል ወይ? ጋዙ ሲታመቅ መተንፈሻው ይከፈታል ወይ?» ብለሃል። እሱኑ ጠየቅኩት። «ጌጁ ባትሪው እንዳለቀ የግድግዳ ሰዓት አንድ ቦታ ቆሟል። ሆዱ ግን ያጉረመርማል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደህና ነው ማለት ነው አይደል? እስካሁን የለቀቁት ሩቡን ብቻ ነው። ኅዳር 20 ጋዙን በሙሉ ይለቁታል፣ በሬም ይታረዳል አሉ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። የሳልከው አንተ፣ የተማርከው አንተ። ባሏ እስኪመለስ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት የምትጠብቅ ሴትዮ ስለ ታንክህ ምን ትነግርሃለች? ዕንባቆምን ራሱን ለምን አትጠይቀውም? ደግሞስ «በስልክ እንዳታነሺው፣ የያዝኩት ስልክ የቢሮ ነው» ያልከው ምን ሆነህ ነው? እኔ ነኝ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ። ስትዋሽ ጆሮህ ነበር የሚቀላው። ወረቀት ላይ ጆሮህን ማየት አልቻልኩም።

እህትህ ገነቴ



አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ገነቴ፣

ከልብ ሰላም እላለሁ። ለእማማና ለቤቴልም እንዲሁ። ስላስጨነቅኩሽ ይቅርታ። የሚያሳስብ ነገር የለም፤ የቢሮ ሥራ በዝቶብኝ እንዲሁ ለማጣራት ያህል ነው የጠየቅኩት።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። እሁድ ሲደውሉ ጋሽ ዕንባቆምን በእኔ ስም ሳይሆን እንደ ራስሽ ሆነሽ ጠይቂልኝ፤ ታንኩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ወንፊት አልፎ፣ ከወንፊቱ በታች ያለውን ሆዱን በእጃቸው ቢያንኳኩት ድምፁ ምን ይመስላል? ከሌላው ቦታ ይለያል?

እኔ እሳቸውን እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ከተቻለ ፈረቃቸውን ይቀይሩ። ከታንኩ ራቅ ያለ ሥራ ካለ እሱ ይሻላል፤ ለሙቀቱ ብዬ ነው።

ይህን ካነበብሽ በኋላ አቃጥዪው።

ወንድምሽ ሶፎንያስ



ሆሳዕና
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሶፎንያስ፣

ወረቀቱን አቃጥዪው አልክ፣ አቃጠልኩት። ምን ጠቀመኝ? የተጻፈው ሁሉ ራሴ ውስጥ ቀረ። ከታንኩ ይራቅ ብለህ ልከህብኝ «ለሙቀቱ ብዬ ነው» ትለኛለህ? በረሃው ሁሉ ሙቀት አይደል እንዴ? ከታንኩ ሲርቅ ጥላ ሊያገኝ ነው?

ትናንት ሲደውል እናቱ ሌሞ ዘመድ ጋ ነበሩ፣ ቤቴል የመዝሙር ልምምድ ላይ። እኔ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ዳኘ ብቻ፣ የቀጠርነው በያጅ፣ ጥግ ላይ መስኮት ይሞርዳል። ሰላምታውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ፣

«ወንፊቱ የታንኩ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወንፊት የምትጠይቂኝ? ዱቄት አለቀብሽ?»

«ቀልዱን ተውና ንገረኝ።»

«አንገቱ ላይ ነው። ጋዙ ሽቅብ ሲወጣ የውሃ ጠብታውን እንዲይዝበት።»

«ሲታመቅ የሚከፈተው መተንፈሻውስ?»

«ከወንፊቱ በላይ።»

«ጌጁስ?»

«ከወንፊቱ በላይ።»

ዕንባቆም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ እንደሚሥል ታውቃለህ። እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እየነገረኝ ወለሉ ላይ ሣልኩት። ዳኘ አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ ጠርሙስ ነው ወይስ ዶሮ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ቆሜ ሳየው፣ ሶፊ፣ ነገሩ ገባኝ። ማር ስናጣራ ሰሙ ጨርቁን ሲደፍነው አይተሃል፤ አንዱ ወገን ባዶ ነው፣ ሌላው ወገን ሞልቶ ይቆማል። ያንተ መተንፈሻ ያለው በባዶው ወገን ነው። ጌጅህም እዚያው።

«ወንፊቱ ቢደፈን ከታች ያለውን በምን ታውቃላችሁ?» አልኩት።

«በጆሮ» አለኝ።

በእጁም አንኳኩቶታል። አንተ ሳታዘው፣ በየቀኑ ነው የሚያንኳኳው። ከሳምንት ሳምንት ድምፁ እየቀጠነ ሄዷል አለ፤ እንደተወጠረ ከበሮ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«አንገቱን የበየድኩ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ስዕሉ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የሚስቴን ወንድም በሰው ፊት ተሳስተሃል ልበለው? አንቺ የማን ቤት ነው ያደግሽው?»

«በሰው ፊት ለምን? ለብቻው ንገረው።»

«ለብቻውስ ነግሬው ከዚያ በኋላ በሠርግ በልቅሶ እንዴት አጠገቡ እቀመጣለሁ? አማች አይታረምም፣ ገነቴ። ደግሞ እሱ ተምሯል። እኔ የማላውቀው ምክንያት ይኖረዋል ብዬ በየድኩት።»

ምክንያት አለህ? እባክህ አለኝ በለኝ። አንድ መስመር ጽፈህ «ዕንባቆም አልገባውም፣ ነገሩ እንዲህ ነው» በለኝና ሞኝነቴን ስቄ ልተኛ። ፈትሁዲን ረቡዕ ይመለሳል፤ በእሱ ላክልኝ።

ገነቴ



አዲስ አበባ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

ምክንያት የለኝም።

ስዕሉን ስጀምር መተንፈሻውም ጌጁም ከወንፊቱ በታች ነበሩ። በኋላ ብረት እንዲቆጠብ የታንኩን ቁመት አሳጥር ተባልኩ። አሳጠርኩ። ወንፊቱን ዝቅ ሳደርገው እነሱን አብሬ ማውረድ ረሳሁ፤ ከበላዩ ቀሩ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አለቃዬም ሳያስተውለው ፈረመበት። ወንፊቱ ከተደፈነ ጋዙ ከታች ይታመቃል፤ መተንፈሻው አይሰማውም፣ አይከፈትም፤ ጌጁ ሰላም ነው ይላል። ከዚያ የሚመጣውን አልጽፍልሽም።

ስህተቱን ያገኘሁት ነሐሴ ላይ ነው። አዎ፣ ነሐሴ። ስድቢኝ። ያገኘሁ ቀን ግን ምን እንዳልኩ ልንገርሽ፤ «ይሄ ስዕል በጋሽ ዕንባቆም እጅ አልፏል፤ ሠላሳ ዓመት ብረት የበየዱ ሰው ናቸው፤ ስህተት ቢሆን ይነግሩኝ ነበር» አልኩ። እሳቸው ዝም ሲሉ ልክ ነው ማለት ነው ብዬ አደርኩ። እሳቸው ደግሞ በእኔ ትምህርት ተማምነው ዝም አሉ። ሁለታችንም አንዳችን በሌላችን ዝምታ ላይ ቆመን ነው ይሄን ያህል ወር የሄድነው።

ለአለቃዬ ልናገር ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከተናገርኩ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ጋሽ ዕንባቆም ከብየዳ ቤቱ ገቢ አስተምረውኝ፣ ለበረሃው ሥራም በእኔ ቃል ሄደው፣ እኔ የማላውቅ ሰው ሆኜ ልገኝ ነው።

ጊዜ ስጪኝ። እስከዚያ እሳቸውን ከዚያ አስወጪልኝ። እማማ ታመዋል በያቸው። ለእናታቸው ይመጣሉ።

ሶፎንያስ



ሆሳዕና
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሶፎንያስ፣

ሰላም ነው? እኔ ሰላም አይደለሁም።

እንዳልከኝ ዋሸሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሁድ ሲደውል «እናትህ ታመዋል፣ ቶሎ ድረስ» አልኩት። «አገናኚኝ» አለኝ። ተኝተዋል ልል አፌን ስከፍት እማማ ከጓሮ ስለ እሳቸው መወራቱን ሰምተው መጡ፤ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው፣ «እኔ? እኔማ ምን ሆኜ! ትናንት ከሌሞ በጋሪ መጣሁ፣ ፈረሱ ደከመ እንጂ እኔ አልደከምኩም!» አሉት። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ስልኩን ሲመልሱልኝ ዕንባቆም ሁሉንም አውቆታል።

«ሶፎንያስ አወቀ፣ አይደል?» አለኝ።

«አወቀ። ራሱ ነው ና ያለህ። አሁኑኑ ጥለህ ና።»

አልመጣም አለ። ለምን አትመጣም ስለው የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ አንተም እንደ እኔ እንቅልፍ አይውሰድህ። «ጥዬ ከሄድኩ ለምን ሄድክ ይሉኛል። ምክንያቱን ከተናገርኩ የአማቼን ስም አነሳሁ ማለት ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ በቦታዬ ምንም የማያውቅ ሰው ያቆሙበታል። እኔ ቢያንስ ድምፁን አውቀዋለሁ።»

አሁን የሚሠራውን ታውቃለህ? የሌሎቹን ፈረቃ እየለመነ ይወስዳል። ታንኩ አጠገብ ሌላ ሰው እንዳይቆም ብሎ። «እናንተ ጥላ ሥር እረፉ፣ እኔ አለሁ» ይላቸዋል። ደግ ሰው ነው ይሉታል አሉ። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ የሚውለው ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁትም።

ሶፊ፣ ስማኝ። አንተ እሱን ታከብራለህ፣ እሱ አንተን ያከብራል። በመካከላችሁ ያለው ጨዋነት ሲያወሩት ያምራል። እኔ ግን ለሁለት ወንዶች ጨዋነት ብዬ ባሌን አልቀብርም። ለቤቴልም «አባትሽ አጎትሽን አክብሮ ነው የሞተው» አልላትም።

ፈቃዴን ይነጥቁኛል አልክ። ይንጠቁህ። እዚህ መስኮት የሚሞርድ ሰው ይፈለጋል።

እስከ ዓርብ ካልተናገርክ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ንጋት ላይ ከፈትሁዲን ጋር ተሳፍሬ እመጣለሁ። ሰኞ ቢሮህ በር ላይ እቀመጣለሁ። ዘበኛው ምን ፈልገሽ ነው ሲለኝ ምን እንደምለው አስበህበታል? እኔ አስቤበታለሁ። እዚህ ገበያ ላይ ስጣላ ድምፄ የት ድረስ እንደሚሰማ ታውቃለህ።

ገነቴ



አዲስ አበባ
ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ገነቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? እማማ እንደምን ናቸው? ቤቴል ትምህርቷ እንዴት ነው? አየሩስ? እዚህ ብርዱ ጀምሯል። የላክሽልኝ ቡላ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጨጓራዬም በጣም ተሽሎታል።

ነገሩ አልቋል። ደስ ይበልሽ። ታንኩ ዓርብ ከሰዓት ተዘግቷል። ወንፊቱን አውጥተው እንዲያዩት ትእዛዝ ሄዷል። ጋሽ ዕንባቆም አደጋ ላይ አይደሉም። መምጣትም አያስፈልግሽም፤ መንገዱ ያደክምሻል።

ስለ እኔ አታስቢ፤ ሥራዬ ላይ ነኝ። እንግዲህ ይሄን ነገር እዚህ ላይ እንተወው። ጋሽ ዕንባቆምም እንዳያነሱብኝ በዘዴ ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ሶፎንያስ



ሆሳዕና
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሶፎንያስ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ብየዳ ቤቱ ውስጥ እልል አልኩ። ዳኘ የተወለደ ልጅ ያለ መስሎት እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ። ለእማማ ሻሽ ገዛሁ። ለአንተም ጸለይኩ፤ ተንበርክኬ፣ እያለቀስኩ፣ ወንድሜ ወንድ ሆነ ብዬ። ጸሎቱን መልሼ መውሰድ አልችልም እንጂ እወስደው ነበር።

ባለፈው እሁድ ታንኩን ሲከፍቱ ስለዋሉ አልደወለም ነበር፤ ትናንት ዕንባቆም ደወለ። መጀመሪያ የሆነውን ነገረኝ። ታንኩን አስተንፍሰው ሲከፍቱት ወንፊቱ አልታይ አለ አሉ። የዘይቱ ጥቁር ሰም ጋግሮበት፣ በላዩ አሸዋ ተለጥፎበት፣ ዳቦ መስሏል። ዕንባቆም በመሮ እየፈቀፈቀ አንድ ባልዲ ሙሉ አወጣ። ከጠርዙ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነበር የቀረችው። ጋዙ ሁሉ በዚያች እየተሹለከለከ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ያይ ነበር አለኝ።

«እግዚአብሔር አተረፈህ፤ ሶፎንያስም ተናገረ» አልኩት።

«ምን ብሎ ተናገረ?» አለኝ።

«ስህተቱን ነዋ።»

«ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት ‹ወንፊቱ ይጽዳ› ነው የሚለው፣ ገነቴ። ሌላ ቃል የለውም። አጽድተን መለስነው። መተንፈሻው እዚያው ከላይ ነው። በሁለት ወር ተመልሶ ይደፈናል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሌላኛውስ ነገር?» አለኝ።

ሌላኛው ምንድን ነው አልኩት። በደረት ኪሱ የሚይዘው ስዕልህ ጥግ ላይ፣ ከስምህ ሥር፣ «ብዛት ሁለት» ይላል አለኝ። ሁለተኛው ታንክ ሰኔ ላይ ተጭኖ ከእነሱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ ጣቢያ ሄዷል። ከመስከረም ጀምሮ በሙሉ ጋዝ ነው የሚሠራው። በሩብ አይደለም፣ በሙሉ። እዚያ በእጁ የሚያንኳኳ፣ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው የለም።

አንተ ይሄን ታውቅ ነበር። ታንኩን የቆጠርከው አንተ ነህ። ለዚህ ነው ስለ አየሩና ስለ ብርዱ የጻፍክልኝ። «ጋሽ ዕንባቆም አደጋ ላይ አይደሉም» አልክ። እውነትህን ነው። ስህተትህን ጽዳት ብለህ ጠራኸው፣ የእህትህን ባል አወጣህ፣ ሌላውን ተውከው። እዚያኛው አጠገብ የቆመው የማን ባል ነው? የእሱ ሚስትስ እሁድ ትጠብቃለች አይደል?

እኔም ከአንተ አልሻልም። «የእኔ ባል ከተረፈ ሌላው ምን አገባኝ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን መጥቷል። ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት። ከበፊቱ የበለጠ ፈራሁ፣ ሶፊ። በፊት ታንኩን ነበር የምፈራው።

ዕንባቆምን «ስለ ሌላኛው ጠይቀው» አልኩት። «እኔ አልጠይቀውም፣ አንቺ ጠይቂልኝ» አለኝ። አንተ ለእሱ ብዬ እንድጠይቅ፣ እሱ ለአንተ ብዬ እንድናገር፤ እኔ በመካከላችሁ የቆምኩ ወንፊት ሆኛለሁ። በቃኝ። ጮህኩበት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ጮኼበት አላውቅም። «ሐሙስ ራስህ ትደውልለታለህ፤ አለበለዚያ እሁድ እኔ ጋ እንዳትደውል» አልኩት። እማማ ከጓሮ ሰምተው ገቡ። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «ልክ ብላለች በለው» አሉኝ።

ሐሙስ ከውሃ መኪናው ጋር ወደ ከተማ ይወጣል። በሰባት ሰዓት ይደውልልሃል። ስልኩ የቢሮ ነው እንዳትለኝ፤ የሚሰማ ካለ ይስማ። አንሳው። ሰላምታውንም አታስረዝምበት፤ ሁለታችሁም እዚያ ውስጥ ነው የምትደበቁት።

ገነቴ



አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

በሰባት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ደወሉ። ሰላምታችን ስድስት ደቂቃ ፈጀ። የእኔን ጤና፣ የጨጓራዬን ጤና፣ የከተማውን ጤና ጠየቁ። እኔም በረሃውን፣ ውሃውን፣ የማላውቃቸውን የሥራ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጠየቅኩ። ከዚያ የሚጠየቅ ነገር አለቀብን። የውሃ መኪናው ሞተር ሲንተፋተፍ ይሰማኝ ነበር።

«ሶፎንያስ» አሉኝ። ሲጠሩኝ ሁልጊዜ «ኢንጂነር» ነበር የሚሉኝ።

«አቤት።»

«ስዕልህ ተሳስቷል።»

ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ታንኩ አጠገብ ብቻቸውን ሲውሉ ያልተንቀጠቀጡ ሰውዬ ናቸው።

«አዎ» አልኩ። «ከነሐሴ ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«እኔም ከግንቦት» አሉ።

ስልኩን እንደዘጋን ስዕሉን ይዤ አለቃዬ ክፍል ገባሁ። በቀይ እስክሪብቶ ወንፊቱን ከበብኩለት፣ መተንፈሻውን ከበብኩለት። ጽዳት እንዳልሆነ፣ የጽዳቱ ትእዛዝ ሲላክም እንደዋሸሁ ነገርኩት። እያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። የሁለተኛው ጣቢያ ስልክ ቁጥር ያለው እሱ ጋ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደወልን፣ አላነሱም። ያቺን ሩብ ሰዓት እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። በየጥሪው መካከል የሚያልፈው ዝምታ ቀድሞ የፈነዳ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው አንድ ሰው አነሳ። ኃይለሚካኤል እባላለሁ አለ፤ ጎልማሳ ድምፅ ነው፣ ምሳ እያኘከ ነበር። ታንኩን አሁኑኑ ዝጉት አልኩት።

«ጌጁ እኮ ደህና ነው፣ ወንድሜ። ማነህ አንተ?»

«ስዕሉን የሳልኩት ነኝ። ጌጁን አትመኑት። ጌጁን ያስቀመጥኩት ያለቦታው ነው። ተሳስቻለሁ።»

ማኘኩን አቆመ። ስልኩን ሳይዘጋው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ሲጮህ ሰማሁት፣ ሰዎች ሲሮጡ ሰማሁ። አለቃዬ ከእኔ ጎን ቆሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ እያለከለከ ተመልሶ መጣ።

«ዘግተነዋል። ከታች በሁለተኛው ቧንቧ ስናስተነፍሰው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል» አለኝ። ከዚያ፣ «የሳልከው ሌላም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሳልኳቸውን መቁጠር ጀመርኩ፣ እትዬ።

መታወቂያዬን ተቀብለውኛል። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ቢሮ አልገባም። የሳልኳቸውን ሁሉ ግን ኮፒያቸውን ይዤ ወጥቻለሁ። የተከራየሁበት ክፍል ወለል ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ እያየሁ ስድስተኛው ላይ ደርሻለሁ። በራሴ ዓይን አላምንም፤ አንዳንዱን አራት ጊዜ አይቼም እጄ አያልፈውም። የዚህን ደብዳቤ ፖስታ የሚያመጣልሽ ፈትሁዲን አንድ ጥቅልም ይሰጥሻል፤ የስዕሎቹ ሌላ ኮፒ ነው። ለጋሽ ዕንባቆም ላኪላቸው። በጠመኔም በከሰልም እያንዳንዱን መሬት ላይ እየሣሉ ይዩልኝ። ያገኙትን ሁሉ ይንገሩኝ፣ አይማሩኝ ብለሽ ንገሪልኝ።

አይ፣ አንቺ አትንገሪያቸው። እሁድ እኔው እደውላለሁ።

ሶፎንያስ